ኖሮቫይረስ ነርሲንግ ሆማችን ሲገባ ያየሁት፦ አረጋውያን ጋ ለምትሰሩ ሁሉ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን የምፅፈው እዚህ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ነርሲንግ ሆም፣ አሲስትድ ሊቪንግ ወይም ግሩፕ ሆም ለምትሰሩ እህት ወንድሞቼ ነው፣ ሲኤንኤም (የነርስ ረዳት) ሁኑ ነርስ፣ ኪችንም ሁኑ ላውንደሪ። እናቱን ወይም አባቱን እንደዚህ አይነት ቤት ያስገባ ሰውም ቢያነበው ይጠቅመዋል ብዬ አስባለሁ። እኔ የምሰራበት ፍሎር ላይ ኖሮቫይረስ፣ ማለትም የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ የሆድ ቫይረስ፣ ገብቶ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን አረጋውያን አልጋ ላይ ጥሎ ሰራተኛውንም አንድ በአንድ እየለቀመ ነው የወጣው፣ እና ካለፈ በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው ቀደም ብሎ ሊቆም ይችል ነበር። ምልክቱን ያላየ ሰው አልነበረም እኮ። ግን ጠዋት የገባው ያየውን ማታ የገባው አያውቅም፣ ሁሉም የየራሱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ በሽታው በዛ መሃል ነው የሮጠው።

ጊዜው ዊንተር ነው፣ በፈረንጆቹ የ2024 መጨረሻና የ2025 መጀመሪያ፣ በመላው አሜሪካ ኖሮቫይረስ ከወትሮው በዝቶ የታየበት። ድሮም ወቅቱ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ነው። ኖሮቫይረስ ሲባል ዜና ላይ የምንሰማው ስለ ክሩዝ ስለሆነ ብዙ ሰው የመርከብ በሽታ ይመስለዋል፣ ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ተቋም) ግን አሜሪካ ውስጥ ሪፖርት ከሚደረገው የኖሮቫይረስ ወረርሽኝ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እንደኛ ባሉ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ቤቶች ውስጥ የሚነሳ ነው ይላል። በዓመት ወደ 900 ሰው ይሞትበታል፣ አብዛኞቹ 65 ዓመት ያለፋቸው ናቸው። "ሆድ ነው ያልፋል" የሚባለው ነገር ለወጣት ነው፣ ለነሱ አይሰራም።

አጀማመሩን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ጠዋት ላይ ሆዳቸውን አስቀመጣቸው። ሁላችንም ያልነው አንድ ነገር ነው፣ ትናንት ማታ ሴናና ሚራላክስ ወስደዋል፣ ከሱ ነው። እዚህ ቤት የሰራ ሰው ያውቀዋል፣ አብዛኞቹ አረጋውያን ለሆድ ድርቀት የሚሰጥ መድሃኒት ላይ ናቸው፣ ስለዚህ ተቅማጥ ሲመጣ ምክንያቱ ሁሌ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው። በማግስቱ ማታ ደሞ አንድ አባት ዳይኒንግ ሩም ውስጥ እራት ላይ እንዳሉ አስመለሳቸው። ምግቡ አልተስማማቸውም ተባለ፣ ጠረጴዛው ተጠረገ፣ ሌሎቹም እዛው እራታቸውን ጨረሱ። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያሉ አማርኛ ብቻ የሚናገሩ እናታችን ደሞ ሰላም ልላቸው ስገባ "ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቅለሸልሸኝ አደረ፣ ሁለቴም ወጣኝ" አሉኝ። ቻርቱ ላይ የተፃፈው ግን "ቁርስ አልበሉም" የሚል ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ማንም በቋንቋቸው አልጠየቃቸውም። (ወላጆቻችሁ እንግሊዝኛ የማይችሉ ከሆነ ይሄን አጥብቃችሁ ያዙ፣ ቤቱ አስተርጓሚ በስልክ እንዲያቀርብ መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ እናንተም በቀን አንዴ ደውላችሁ "ሆድሽ እንዴት ነው፣ አስመለሰሽ ወይ፣ ሽንት ቤት ስንቴ ሄድሽ" ብላችሁ በግልፅ ጠይቁ፣ "ደህና ነኝ" የሚለው መልስ አይበቃም፣ እናቶቻችን ሰው ላለማስቸገር ሲሉ ምንም ቢሆኑ ደህና ነኝ ነው የሚሉት።)

እንግዲህ ሶስት ሰው፣ ሶስት የተለያየ ሺፍት፣ ሶስት የተለያየ ምክንያት። ለዚህ ነው አሁን ለአዲስ ሰራተኛ ሁሉ የምነግረው፦ አንድ ዩኒት ላይ በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ሰው ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው ምክንያት አትፈልጉ፣ ለቻርጅ ነርሷ (የሺፍቱ ኃላፊ ነርስ) ተናገሩ፣ የፊተኛው ሺፍትም የሚቀጥለውም እንዲያውቅ አድርጉ። ውሸት ሆኖ ቢገኝ ማንም አይጎዳም።

ስለ ቫይረሱ ትንሽ ልበል፣ ይሄን ካላወቃችሁ የሚባለው ጥንቃቄ ሁሉ የተጋነነ ይመስላችኋል። ሰውን ለማሳመም ከ100 ያነሰች ቅንጣት ትበቃለች፣ የታመመ ሰው ግን ሰገራውና ትውከቱ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ነው የሚያወጣው። ከገባ በኋላ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ ድንገት ነው የሚመታው፣ ሰውዬው እየሳቀ ቁጭ ብሎ ከነበረበት ነው የሚያስመልሰው። ሲያስመልስ ደሞ በዓይን የማይታይ ጠብታ በአየር ላይ ይበተንና ወንበሩም፣ መጋረጃውም፣ የጎረቤት ሰሃንም ላይ ያርፋል። አብዛኛው ሰው ከአንድ እስከ ሶስት ቀን ውስጥ ይሻለዋል፣ ግን ከተሻለው በኋላም ለሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ ቫይረሱ ከሰገራው ጋር ይወጣል። አንቲባዮቲክ አይነካውም፣ ክትባት እስካሁን የለውም፣ አንዴ የያዘው ሰው ተመልሶ ሊይዘው ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት ልምጣ፣ ሳኒታይዘር። ከኮቪድ በኋላ ሁላችንም በግድግዳው ጄል ነው ያመንነው፣ ከክፍል ወጣ ስንል ፍችክ አድርገን እጃችንን እያሻሸን ወደሚቀጥለው እንገባለን። አልኮል ኮቪድን ይገድላል፣ ኖሮቫይረስ ላይ ግን በደንብ አይሰራም። የሚሰራው ሳሙናና ውሃ ነው፣ ቢያንስ 20 ሰከንድ ማሸት፣ ጥፍር ስርና ጣት መሃል ጭምር፣ ከዛ በወረቀት አድርቆ ቧንቧውንም በዛው ወረቀት መዝጋት። ጓንት አድርጌ ነበር ብላችሁ እንዳታልፉት፣ ጓንቱ ሲወልቅ ነው እጅ የሚነካካው። የአረጋውያኑንም እጅ ከምግብ በፊትና ከሽንት ቤት በኋላ በሳሙና እጠቡላቸው፣ እኛ እጃችንን ስንታጠብ የነሱን ነው የምንረሳው።

ሁለተኛው የምንጠርግበት ዋይፕ ነበር። ካርቶን ሙሉ ነበረን፣ ሁሉም "99.9 ፐርሰንት ጀርም ይገድላል" ይላል፣ ግን ከኋላው በትንሹ የተፃፈውን ስናነበው ኖሮቫይረስ የሚል ስም የለውም። ብዙዎቹ የተለመዱ ዋይፖች ለዚህ ቫይረስ ማረጋገጫ የላቸውም። ኢፒኤ (የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም) ኖሮቫይረስን ይገድላሉ ብሎ የመዘገባቸውን ነገሮች "ሊስት ጂ" ብሎ አውጥቷል፣ የናንተ ዋይፕ እዛ ውስጥ ይኑር አይኑር ኢንፌክሽን ኮንትሮል የምትይዘውን ነርስ ጠይቁ። ከሌለ ያው የምናውቀው በረኪና አለ። ልኩ አንድ ጋሎን (3.8 ሊትር ገደማ) ውሃ ውስጥ ከ5 እስከ 25 የሾርባ ማንኪያ በረኪና ነው፣ ከ5 እስከ 8 ፐርሰንት የሆነው የቤት በረኪና ማለቴ ነው፣ ትውከት ወይም ሰገራ የነካው ቦታ ላይ ወደ ብዙው ጠጋ ማለት ይሻላል። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፣ ያደረ አይሰራም።

አፀዳዱም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ጓንት፣ ጋውንና ማስክ ታደርጋላችሁ፣ ሌሎቹን ሰዎች ከአካባቢው ታወጣላችሁ፣ ትውከቱን በወረቀት ፎጣ ቀስ ብላችሁ ታነሱና ፕላስቲክ ውስጥ ታስራላችሁ፣ ቦታውን በሳሙና ታጥባላችሁ፣ ከዛ ነው በረኪናው የሚመጣው፣ እሱም ቢያንስ 5 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ጉልበቱን ቆሻሻው ይጨርሰዋል። የሚፀዳው ደሞ የቆሸሸው ነጥብ ብቻ አይደለም፣ እኛ የተነገረን በዙሪያው እስከ 25 ጫማ ድረስ ሰው የሚነካው ነገር ሁሉ ነው፣ የወንበር እጀታ፣ የዊልቸር ብሬክ፣ የጥሪ ደወል፣ የቲቪ ሪሞት፣ የበር እጀታ፣ የመብራት ማብሪያ። እባካችሁ በረኪናን ከሌላ ማፅጃ ጋር አትቀላቅሉ፣ ከአሞኒያ ወይም አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማፅጃ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፣ አንዲት የስራ ባልደረባችን ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ይሄ ደርሶባት እያሳለች ነው ያወጣናት። አንሶላና ልብስ ደሞ አታራግፉ፣ ጠቅልላችሁ ከሰውነታችሁ አርቃችሁ ያዙ፣ በሙቅ ውሃ ረጅሙ ሳይክል ላይ ታጥቦ በማድረቂያ ይድረቅ።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ዊክኤንዱ ሲመጣ ነገሩ ከእጅ ወጣ። በአንድ ሌሊት ብዙ ሰው አስመለሰው፣ ሰራተኛው ኮል አውት ማድረግ (ደውሎ መቅረት) ጀመረ፣ ክፍተቱን ለመሙላት ከኛ ፍሎር ወደ ላይኛው፣ ከላይኛው ወደ እኛ ሰው ይላካል፣ ኤጀንሲም ይጠራል። እንደዛ ነው ላይኛው ፍሎር የደረሰው፣ በእኛው እግርና እጅ። ኪችን ውስጥም አንድ ሰው ሆዱን እያመመው ሰላጣ ሲያዘጋጅ እንደነበረ በኋላ ነው የሰማነው።

ነገሩን የቀየረችው አንዲት የሌሊት ነርስ ናት። ወረቀት አውጥታ አሰመረችና ስም፣ ክፍል ቁጥር፣ መቼ ጀመራቸው፣ ማስመለስ ወይስ ተቅማጥ፣ የት ቁጭ ብለው እንደሚበሉ፣ የትኛው ሰራተኛ እንደያዛቸው እየጠየቀችን ሞላችው፣ የታመሙ ሰራተኞችንም ጨምራ። ሲሞላ ሁላችንም ደነገጥን። ዳይኒንግ ሩም ያስመለሳቸው አባት አጠገብ ካሉት ጠረጴዛዎች የበሉት አንድም ሳይቀሩ ማለት ይቻላል በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ታመዋል። እስከዛች ሰዓት ድረስ የሆድ ነገር እዚህም እዚያም አለ እየተባለ ነበር የሚወራው፣ ወረቀቱ ላይ ግን መንገዱ ቁልጭ ብሎ ታየ። ወረቀቱን ይዛ ለዳይሬክተሯ ደወለች፣ ዳይሬክተሯም በማግስቱ ለካውንቲው ጤና መምሪያ ሪፖርት አደረገች።

ብዙ ቤቶች ጤና መምሪያ መደወልን ይፈራሉ፣ ቅጣት የሚመጣ ይመስላቸዋል። ወረርሽኝን ማሳወቅ ግን ግዴታ ነው፣ ደሞም የመጣው እርዳታ ነው። ስልክ ላይ የነበረችው ነርስ በጣም ትዕግስተኛ ናት፣ እያንዳንዱን ነገር እየዘረዘረች ነገረችን። ዳይኒንግ ሩም ይዘጋ፣ ምግብ በየክፍሉ ይሂድ፣ ቢንጎውም መዝሙሩም ይቁም፣ አዲስ ሰው አይግባ፣ የታመሙት ምልክቱ ከቆመ በኋላ 48 ሰዓት እስኪሞላ ከክፍላቸው አይውጡ፣ አንድ ዩኒት የያዘ ሰራተኛ ሌላ ዩኒት አይርገጥ። ከጥቂት ሰዎች ሰገራ ትኩስ በትኩስ ተወስዶ ላብራቶሪ ሄደ፣ ኖሮቫይረስ መሆኑም ተረጋገጠ። ናሙናው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተቅማጡ ሳይቆም ቢወሰድ ነው ጥሩ። መመርመሩ ራሱ ጥቅም አለው፣ አንቲባዮቲክ ሲወስዱ በቆዩ አረጋውያን ላይ ሲዲፍ የሚባለውም በሽታ ተቅማጥ ያመጣል፣ ህክምናው ግን ሌላ ነው።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም ግን ለትንሽ ጊዜ አዲስ ሰው መታመሙ አልቆመም፣ ምክንያቱ እኛው ነን፣ ሰራተኞቹ። እስቲ እውነቱን እናውራ። አብዛኞቻችን ሁለት ስራ ነው የምንሰራው፣ ጠዋት አንዱ ነርሲንግ ሆም ማታ ሌላው፣ ዊክኤንድ ደብል። ቤት ኪራይ አለ፣ አገር ቤት የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ፣ ኮል አውት ሲደረግ ፖይንት (የቅጣት ነጥብ) ይቆጠራል፣ ፖይንት ሲሞላ ስራ ይሄዳል። ስለዚህ ሰው ጠዋት አስመልሶት ማታ ሺፍት ይገባል፣ ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። የጤና መምሪያዋ ነርስ ይሄን ጠንቅቃ ታውቅ ነበር መሰለኝ ለዳይሬክተሯ በቀጥታ ነገረቻት፣ የታመመ ሰው እንዲናገር ከፈለጋችሁ መናገሩ እንዳያስቀጣው አድርጉ አለቻት። ዳይሬክተሯ ሰበሰበችንና በሆድ ህመም ቤት የቀረ ሰው ፖይንት አይቆጠርበትም፣ ሲክ ሊቩም (የህመም ፈቃዱ) ይከፈለዋል አለች። ያኔ ነው ሰው አፉን የከፈተው። አንዷ ትናንት አስመልሶኝ ነበር አለች፣ አንዱ ሌላኛው ስራዬ ላይም ይሄው አለ አለ፣ የኪችኑም ሰው ተናገረ። ሁሉም ምልክቱ ከቆመ በኋላ 48 ሰዓት ቤት እንዲቆይ ተደረገ፣ እና ወረርሽኙ መቀነስ የጀመረው ከዛ ሳምንት ነው። ሌላው ሁሉ ረድቷል፣ ለእኔ ግን ቁልፉ ይሄ ነበር።

ሜሪላንድ ለምትሰሩ ህጉን እወቁት፦ ከፌብሩዋሪ 2018 ጀምሮ 15 እና ከዛ በላይ ሰራተኛ ያለው ቀጣሪ ለሰራችሁት 30 ሰዓት 1 ሰዓት የሚከፈልበት ሲክ ሊቭ እንዲሰጥ ይገደዳል፣ በዓመት እስከ 40 ሰዓት ድረስ። ብዙ አበሻ ይሄ ሰዓት ተጠራቅሞለት ሳያውቀው ነው የሚኖረው። ፔይ ስተባችሁ ላይ እዩት፣ ከሌለ ኤችአርን ጠይቁ። ኤጀንሲ የምትሰሩና ሰዓታችሁ የሚቆራረጥ ከሆነ ደንቡ ሊለያይ ስለሚችል አስቀድማችሁ አጣሩ። ሁለት ቦታ የምትሰሩ ደሞ አንዱ ጋ ወረርሽኝ ካለ ለሌላኛው ንገሩ፣ ከባድ ነው አውቃለሁ፣ ግን እዛም ያሉት የሰው እናቶች ናቸው።

ብሬክ ሩምን እንዳልረሳ። እኛ እንጀራችንን አንድ ሰሃን ላይ ነው የምናቀርበው፣ ጉርሻም አለ፣ ፍቅር ነው፣ ግን ኖሮቫይረስ ላለበት ቤት ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። ወረርሽኙ እስኪያልፍ ሁሉም የየራሱን ይዞ መጣ፣ መጀመሪያ ላይ ቅር ያላቸው ነበሩ፣ በኋላ ግን ሁሉም ገባው። ቤተሰቦችም ምግብ ይዘው እንዳይመጡና የታመመ ሰው ጨርሶ እንዳይጠይቅ በስልክ ነገርናቸው፣ ለአማርኛ ተናጋሪዎቹ እኔ ነበርኩ የምደውለው።

አሁን ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካኝን ልንገራችሁ፣ ፈሳሽ። አረጋውያንን የሚጎዳቸው የሰውነታቸው ውሃ ማለቅ ነው፣ ውሃ ሲጠማቸው ደሞ እንደ ወጣት አይሰማቸውም። አንድ አባት ነበሩ፣ ዝምተኛ፣ ደወል የማይነኩ። ለልባቸው ላሲክስ ይወስዳሉ፣ ማለትም ሽንት የሚያስወጣ። ሲያስመልሳቸውና ሲያስቀምጣቸው ውለው መድሃኒቱም እንደወትሮው ተሰጣቸው፣ ማታ ላይ ግራ የገባቸው ይመስሉ ነበር፣ ልጃቸውን በሌላ ስም ጠሩ። ሆስፒታል ሄዱ፣ ኩላሊታቸው ተጎድቶ ነበር፣ አልተመለሱም። እባካችሁ፣ ሲኤንኤ ነኝ መድሃኒት አያገባኝም አትበሉ። "እኚህ ሰው ዛሬ አልበሉም፣ ሶስቴ አስመለሳቸው፣ የሽንት መድሃኒት፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድሃኒት ይወስዳሉ ወይ?" ብላችሁ ነርሷን ጠይቁ፣ እሷም ዶክተሩን ትጠይቅ፣ የትኛው እንደሚያዝ የትኛው እንደሚቀጥል እነሱ ይወስናሉ። የሆድ ድርቀት መድሃኒቱም እንደዛው፣ ተቅማጥ የያዛቸው ሰዎች ሴናና ሚራላክስ ሲቀጥልላቸው አይቻለሁ።

ውሃ በብርጭቆ ሙሉ አትስጡ፣ መልሶ ይወጣል። ኦአርኤስ (ጨውና ስኳር ያለበት የተቅማጥ ፈሳሽ) ወይም ፔዲያላይት በትንሽ በትንሹ፣ በየ5 እና 10 ደቂቃው አንድ ሁለት ማንኪያ፣ ካስመለሳቸው ትንሽ አርፎ እንደገና። ለመዋጥ የሚቸገሩ ሰዎች ፈሳሻቸው መወፈር እንዳለበት አትርሱ። አፋቸው ሲደርቅ፣ ሽንታቸው ሲጠቁር ወይም ዳይፐሩ ለረጅም ሰዓት ደረቅ ሲሆን፣ ሲነሱ ሲያዞራቸው፣ አነጋገራቸው ሲለወጥ ቶሎ ተናገሩ። ሌሊት ደሞ ሽንት ቤት ለመድረስ ሲሮጡ ይወድቃሉ፣ ስለዚህ ኮሞድ (የሽንት ቤት ወንበር) አልጋቸው አጠገብ አስጠጉ፣ ቶሎ ቶሎ ግቡና እዩአቸው። ሲያፍሩ አፅናኗቸው፣ ብዙዎቹ በዳይፐር ነገር በጣም ነው የሚሳቀቁት።

አዲስ ሰው መታመሙ ቆሞም ዳይኒንግ ሩሙ ወዲያው አልተከፈተም፣ ጤና መምሪያው ይበቃል እስኪል ጠበቅን። መጋረጃዎቹ ሁሉ ወርደው ታጠቡ፣ የተከፈቱ ምግቦች ተጣሉ፣ የእጅ መታጠቡም የተሻላቸው ሰዎች ክፍል ውስጥ ጭምር ቀጠለ፣ ከተሻላቸው በኋላም ቫይረሱ ለሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ ስለሚወጣ።

አገር ቤት አረጋውያን ማዕከል ውስጥ በስራም በበጎ ፈቃድም ያላችሁ፣ ቫይረሱ አንድ ነው፣ ሳሙና፣ በረኪናና ኦአርኤስ ደሞ እዛም አለ። ውሃ በሚጠፋበት ቀን ለእጅ መታጠቢያ የሚሆን በጀሪካን ለብቻው አስቀምጡ፣ ጄሉን ተማምናችሁ አትቅሩ።

እዚህ ላላችሁ ደሞ ነገ ሺፍት ስትገቡ ሶስት ነገር እዩልኝ፦ ዋይፑ ላይ ኖሮቫይረስ የሚል ተፅፏል ወይ፣ የካውንቲው ጤና መምሪያ ስልክ ነርስ ስቴሽን ላይ ተለጥፏል ወይ፣ የናንተ ሲክ ሊቭ ስንት ሰዓት ደርሷል። የዛች ነርስ ወረቀት እኛ ጋ አሁን ሁሌ ይሞላል፣ ሆድ ያመመው ሰው ባይኖርም ባዶውን በየሺፍቱ እንቀባበለዋለን። ከፈለጋችሁ ገልብጡት፦ ስም፣ ክፍል፣ የጀመረበት ቀንና ሰዓት፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ የሚበላበት ጠረጴዛ፣ የያዘው ሰራተኛ፣ ናሙና ተወሰደ ወይ፣ የቆመበት ቀንና ሰዓት። የመጨረሻዋን መስመር በደንብ ሙሏት፣ 48 ሰዓቱ የሚቆጠረው ከሷ ነው።